የወፍ እግር ጎማ ነው ያልሁ ለታ

ከሞጣ እስከ ብቸና ባለው መንገድ በግራም በቀኝም ብትፈልግ ስለ ኤሌክትሪክ እንደ እኔ የሚያውቅ ሰው አታገኝም። ይህን ስናገር አፌ አይደናቀፍም። ብቸና መብራት በገባ ሰሞን ለአንድ ሙሉ ከተማ ኤሌክትሪክን ያስረዳሁ እኔ ነኝ፤ ሽማግሌ ከነከዘራው፣ ባለሱቅ ከነሚዛኑ ቆሞ ሰምቶኛል። እርግጥ ነው፣ ቤቴ ውስጥ አምፖል የምትቀይረው ሚስቴ ናት። እኔ ወንበሩን እይዝላታለሁ። ወንበሩንም የምይዘው በብርድ ልብስ ጠቅልዬ ነው።

ዛሬም ከቀትር በኋላ እንደ ልማዱ መብራት ሄደ። የሐምሌ ደመና ሞጣ ላይ ተደፍቶ ስለነበር ቤቱ ጎተራ ውስጥ እንደገቡ ያህል ጨለመ። «ሻማ ፈልግ እንጂ፣ ምን ትገተራለህ!» አለች ሚስቴ። ሻማ አልቋል። ሁልጊዜም አልቋል! በዚህ አገር መብራትና ሻማ ተማክረው ነው የሚጠፉት። እየተነጫነጭሁ ጓዳ ገባሁና በዳበሳ ስሄድ ጉልበቴ ከአንድ ሳጥን ጋር ተላተመ። አጎቴ ሲሞቱ ከብቸና የመጣልኝ የእንጨት ሳጥን ነው። ከተዝካራቸው ጀምሮ እንደተዘጋ ኖሯል። ለምን እንዳልከፈትሁት አሁን አትጠይቀኝ፤ እደርስበታለሁ።

ክዳኑን ባነሳሁት ጊዜ ሽታው ፊቴን መታኝ። የሰም ሽታ ነው፤ የወይራ ጢስ የጠገበ ንጹሕ የንብ ሰም። ከላይ አንድ እስር ጧፍ አለ፤ ከሥሩ በአሮጌ ነጠላ የተጠቀለለ መጽሐፍ። መጽሐፉን ዳዊት ነው ብዬ ተውሁትና አንዱን ጧፍ ለኮስሁ። መስኮቱ ዳር ይዤው ብሄድ፣ ያ ኤሌክትሪክ የሌለው ሽቦ ላይ ሰባት ርግብ ተደርድሮ ዝናብ ይቀበላል። መብራት ቢኖርም ባይኖርም እነሱ ከሥራ ገበታቸው አይቀሩም!

ሽቦ ላይ የተቀመጠ ወፍ ባየሁ ቁጥር ደሜ የሚፈላው ለምን እንደሆነ ልንገርህ።

ዐሥራ ስምንት ዓመቴ ነበር። ትውልዴ ሞጣ ነው። ብቸና የሄድሁት ለትምህርት ነው እላለሁ እንጂ እውነቱን ከፈለግህ ከሞጣ ተባርሬ ነው። በትምህርት ቤታችን ደጃፍ ደወል ተብሎ የተሰቀለ የመኪና ቸርኬ ነበር። እሱን ሦስት ቀን በተከታታይ አንድ ሰዓት እያስቀደምሁ ደወልሁት። ከተማው ሰዓቱን የሚያስተካክለው በዚያ ቸርኬ ስለነበር፣ ሞጣ ሦስት ቀን ሙሉ ሳይርባት ምሳዋን በላች፤ አንድ አውቶቡስ ባዶውን ሄደ፤ ዶሮዎቹም ግራ ገብቷቸው እስከ ፋሲካ አልጮሁም። የደወልሁት እኔ እንደሆንሁ የታወቀ ዕለት እናቴ ልብሴን በፌስታል ጠቅልላ ሰጠችኝ። «ሂድ ወንድሜ ዘንድ፣ ብቸና። እሳቸው ይግሩህ፤ እኔስ ታከተኝ።»

አጎቴ የቅኔ መምህር ነበሩ። ከተማው ሁሉ የኔታ ይላቸዋል፤ እኔም የኔታ ነበር የምላቸው። ከትምህርት ቤት መልስ ቅኔ እንድማር ሁለት ሳምንት ከተማሪዎቻቸው ጋር አስቀመጡኝና በሦስተኛው ሳምንት «አንተ ልጅ ውሸት ትችልበታለህ፤ ቅኔ ግን ልክ አለው» ብለው አስነሡኝ። ቀጭን፣ ረጅም፣ ቃል እንደ ጨው የሚቆጥቡ ሰው ነበሩ። በሁለት ነገር ላይ ግን ማንም አይከራከራቸውም። አንደኛው የተጻፈ ነገር ነው። አንድ ነገር ሲነገራቸው «ተጽፏል?» ይላሉ። ተጽፏል ካልሃቸው አለቀ። ዕድሜያቸውን ሙሉ ብራና ፍቀው፣ ቀለም በጥብጠው የኖሩ ናቸውና፣ ሰው ለውሸት ብሎ ያን ያህል ይደክማል የሚል ሐሳብ ከነጭራሹ አይመጣላቸውም።

ሁለተኛው ንባቸው ነው። ከጓሮ፣ ዋንዛው ላይ፣ አንድ ቀፎ ነበራቸው። ባለቤታቸው ከመርጡለ ማርያም ተድረው ሲመጡ ከአባታቸው ቤት የተሰጣቸው ንብ ነው። ሴትዮዋን እኔ አልደረስሁባቸውም፤ ልጅም ሳይወልዱ ነው የሞቱት። ከእሳቸው የቀረው ነገር ያ የቀፎው እምምታ ብቻ ነበር። የኔታ ጠዋት ጠዋት ዋንዛው ሥር ቁጭ ብለው ዳዊት ይደግማሉ። ጎረቤት በአጥር አሻግሮ «የኔታ፣ ለንብ ነው እንዴ የሚደግሙት?» ሲላቸው «ምን ቸገረህ፤ እሷ ትሰማኛለች» ይሉታል። እሷ ያሉት ንቧን ይሁን ባለቤታቸውን ደፍሮ የጠየቀ የለም።

እንግዲህ በዚያ ዓመት ነው መብራት የገባው። ብቸና ሥራ ፈታች! ሰው ሁሉ አንገቱን ሰቅሎ ሽቦ ያያል። በየምሰሶው ላይ «አደጋ» የሚል የራስ ቅል ሥዕል ተለጥፏል፤ ርግቦቹ ደግሞ ከራስ ቅሉ በላይ ተቀምጠው ላባቸውን ያበጥራሉ። ሰው የሚገድል ነገር ርግብ እንዴት አይገድልም? አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ስመለስ ገበያው አፍ ላይ ባለው ምሰሶ ሥር ክርክሩ ጦፏል። ሥጋ ሻጩ «ደማቸው ትንሽ ስለሆነ ነው፤ ኤሌክትሪክ ለጠብታ ደም አይደክምም» ይላል። ጠላ ሻጯ ሴትዮ «የኖኅ ርግብ ዘር ናት፤ ቃል ኪዳን አላት» ይላሉ። ጡረተኛው ወታደር «ቀን ቀን እኮ ኤሌክትሪኩ ያርፋል» ይላል።

በዚያው ቀን የፊዚክስ አስተማሪያችን «ጎማ ኤሌክትሪክ አያስተላልፍም» ሲል ሰምቻለሁ። ከዚያ ቀጥሎ ያለውን አልሰማሁም፤ እንደ አህያ አናፍቼ ከክፍል ተባርሬ ነበር። ስለዚህ ስለ ኤሌክትሪክ የነበረኝ ዕውቀት በሙሉ ያቺ አንዲት ዓረፍተ ነገር ናት። ግን ሰው ተሰብስቦ ሳይ ዝም ማለት አልችልም፤ ይህ በሽታዬ ነው።

«የወፍ እግር ጎማ ነው!» አልሁ።

ሁሉም ወደ እኔ ዞረ።

«ኧረ ባክህ!» አለ ሥጋ ሻጩ። «በምን አወቅህ?»

«አንተ ሥጋ ሻጭ ሆነህ ይህን ትጠይቀኛለህ? ዶሮ ዐሥራ ሁለት ብልት ይወጣላታል። ከጉልበቷ በታች ያለው ቢጫው እግሯ፣ ጥፍር ያለበት፣ ከዐሥራ ሁለቱ ይቆጠራል?»

«አይቆጠርም።»

«ለምን ይጣላል? ስለማይታኘክ! ለምን አይታኘክም? ጎማ ስለሆነ!»

ጡረተኛው ወታደር «ጉድ እኮ ነው፤ ስንት ዘመን ስንጥለው ኖርን» አለ። ጠላ ሻጯ በጣሳ ጠላ ቀዱልኝ። ከዚያን ቀን ጀምሮ በብቸና ስሜ ተለወጠ፤ «ኢንጂነር፣ ደኅና ዋልህ?» እየተባልሁ መሄድ ጀመርሁ። መጠሪያው ተስማምቶኝ አረማመዴን ሁሉ አሳመርሁ።

በማግሥቱ ጠዋት የኔታ ዋንዛው ሥር ጠሩኝ።

«አንተ የሞጣ ጉድ!»

«አቤት የኔታ።»

«የወፍ እግር ጎማ ነው ብለሃል አሉ።»

«አዎን የኔታ።»

«ከራስህ ነው ወይስ ተጽፏል?»

ተመልከት እንግዲህ። «ከራሴ ነው» ብል ምን ነበረበት? ፈገግ ብለው «ሂድ ከዚህ» ይሉኝ ነበር፤ ነገሩም በዚያው ያልቅ ነበር። እኔ ግን ኢንጂነር ነኛ!

«ተጽፏል» አልሁ።

«የት?»

«የፊዚክስ መጽሐፌ ላይ። ገጽ አርባ ሰባት።»

አርባ ሰባት ከየት እንደመጣ እስከዛሬ አላውቅም። ውሸት ቁጥር ሲያጠልቅ ያምርበታል መሰለኝ። የኔታ ወደ ሽቦው አሻቅበው አዩና ራሳቸውን ቀስ ብለው ነቀነቁ። «ተጽፏላ» አሉ።

ጥቅምት ገባ። ሜዳው ቢጫ ሆኖ፣ አየሩ ማር ማር እየሸተተ፣ አንድ የገበያ ቀን ረፋዱ ላይ ጓሮውን ድንገት እንደ ዝናብ የሚያጉረመርም ድምፅ ሞላው። ጉንዳን ቀፎው ገብቶ ኖሮ ንቡ አውራውን ይዞ ጠቅልሎ ወጣ። አንድም አልቀረ! የኔታ ተማሪዎቻቸውን ቅኔ አጋማሽ ላይ ጥለው፣ ነጠላቸውን አሸርጠው፣ አፈር እየበተኑ ተከተሉት። «ቁጭ በይ እናቴ፣ ቁጭ በይ» ይላሉ። እኔ ቅርጫት ይዤ ከኋላቸው እሮጣለሁ።

በእኛ አገር ንብ ሲፈልስ ባለቤቱ ዓይኑን ሳይነቅል መከተል አለበት። ዓይኑ እስካለበት ድረስ ንቡ በማንም ማሳ፣ በማንም ዛፍ ቢያርፍ የእሱ ነው። ዓይኑን ከነቀለ ግን ያገኘ ሰው ይወስደዋል፤ «የእኔ ነበር» ብሎ መጠየቅ ነውር ነው። ስለዚህ የኔታ ወደ ሰማይ እንዳንጋጠጡ ገበያውን በመሐል ለመሐል ሰነጠቁት። በሽንኩርት ላይ ተራመዱ፣ በእንቁላል ላይ ተራመዱ፣ በአንድ የተኛ ሰው ላይም ሳይራመዱ አልቀሩም። ንቡ ገበያውን አንዴ ዞረና አረፈ። የት መሰለህ? ዛፍ ሞልቶ፣ ቤት ሞልቶ፣ የቤተ ክርስቲያን ጽድ ሞልቶ፣ ያ የተረገመ ምሰሶ አጠገብ ሽቦው ላይ! እንደ አገልግል ተንጠለጠለ።

«አልሞተም!» ብሎ ገበያው አጨበጨበ።

«ኢንጂነር፣ የንብም እግር ጎማ ነው?» አለ ሥጋ ሻጩ።

«የሚበር ነገር ሁሉ እግሩ ጎማ ነው» አልሁ። ምን ላድርግ፣ አፌ ከእኔ ይቀድማል!

የኔታ ዓይናቸውን ከንቡ ሳይነቅሉ የቆዳ ጫማቸውን አወለቁ። «በረባሶ ያለው ሰው ያውልቅልኝ» አሉ።

ጡረተኛው ወታደር የእሱን አወለቀ። ደጀን ላይ ከጭነት መኪና ጎማ የተቆረጠ በረባሶ ነው፤ ጠርዙ ሁሉ በሚስማር ተመትቷል። የኔታ አጠለቁት። ቤት የሚሠራ አንድ ሰው ያን ጠዋት የተቆረጠ፣ ውኃው ገና የሚንጠባጠብ ረጅም ባሕር ዛፍ አመጣ። ቅርጫቱ ማር ተቀብቶ ጫፉ ላይ ታሰረ። ያሰርሁት እኔ ነኝ። በምን አሰርኸው በለኝ። በሽቦ።

ገና ሳስር ነው ላብ ያጠመቀኝ። የራስ ቅሉ ሥዕል ከምሰሶው ላይ ሆኖ እኔን፣ እኔን ብቻ የሚያየኝ መሰለኝ። የማውቀው አንዲት ዓረፍተ ነገር መሆኗ ድንገት ትዝ አለኝ። እሷም ስለ ወፍ ምንም አትልም!

«የኔታ፣ ትንሽ ብንቆይስ?» አልሁ።

«ንብ ቀጠሮ አትሰጥም።»

«የኔታ፣ በረባሶው ጠብቦዎታል።»

«እግሬ ነው፤ ሲሰፋ ይሰፋል።»

«የኔታ፣ ምናልባት ራሱ ይወርድ ይሆናል።»

«አንተ ልጅ፣ ምን ሆነሃል ዛሬ?»

«የኔታ፣ አንቱ ደክሞዎታል፣ ሌላ ሰው...»

እዚህ ላይ ለአፍታ ወደ እኔ ሊዞሩ ፈለጉ፤ ግን አልዞሩም። ዓይናቸው ንቡ ላይ እንዳለ፣ ገበያው ሁሉ እየሰማ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ጠየቁኝ።

«ምነው? አልተጻፈም እንዴ?»

ሥጋ ሻጩ ያየኛል። ጠላ ሻጯ ያዩኛል። የክፍሌ ልጆች ሳይቀሩ ከሽንኩርቱ ተራ ቆመው ያዩኛል። አንዲት ቃል ናት። አልተጻፈም። ሕፃን ይላታል!

«ተጽፏል የኔታ» አልሁ።

እንጨቱን አነሡት። እርጥብ ባሕር ዛፍ ከባድ ነው፤ እየተወዛወዘ፣ ማሩ እያንጠባጠበ ወደ ላይ ወጣ። የሽቦው እምምታና የንቡ እምምታ ተደባልቆ ጥርሴ ውስጥ ይሰማኛል። አንድ ክንድ ሲቀረው ዓይኔን ጨፈንሁ። በዚያች ቅጽበት ለስንት ታቦት እንደተሳልሁ አትጠይቀኝ፤ ስለቴን ሁሉ ባገባ ኖሮ የምሥራቅ ጎጃም አድባራት እስከዛሬ ጃንጥላ ማስቀመጫ ባጡ ነበር።

ከሥጋ ተራው የማይጠፋ አንድ ትልቅ ቁራ ነበር። በኋላ እንደነገሩኝ፣ ምሰሶው አናት ላይ ተቀምጦ ቅርጫቱ ወደ እሱ ሲመጣ ሲያይ ደንግጦ ክንፉን ዘረጋ። አንዱ ክንፍ ያኛውን ሽቦ፣ ሌላው ክንፍ ይኼኛውን ነካ። ከዚያ መድፍ ተተኮሰ! እሳቱ ሰማያዊ ነበር፤ ዓይኔን ጨፍኜ እንኳ አየሁት። የኔታ እንጨቱን ወደ ኋላ ለቀቁት፤ ሽንኩርት ላይ ወደቀ። ቁራውም እየጨሰ እግራቸው ሥር ዱብ አለ።

የተቃጠለ ላባ ሽታ ገበያውን ሞላው። የኔታ ወደ ታች አዩ። ጎንበስ አሉ፤ ቁራውን ገልብጠው እግሩን በአውራ ጣታቸውና በሌባ ጣታቸው ያዙት። ያሹታል፣ ይጫኑታል፣ ያጥፉታል፤ የብራና ውፍረት እንደሚለካ ሰው። ገበያው ሁሉ ከበባቸው።

«ይኼስ?» አሉ በመጨረሻ። «ጫማውን ቤቱ ረስቶ ነው?»

ሳቅ ፈነዳ። ብቸና እንደዚያ ቀን ስቃ አታውቅም። እኔም ከሁሉ በላይ ጮክ ብዬ ሳቅሁ፤ በሕይወት አሉ፣ ይቀልዳሉ፣ ተረፍሁ ብዬ! የኔታ ራሳቸውም ፈገግ እንዳሉ ቀና አሉ። ፈገግታው ግን እፊታቸው ላይ ቀረ።

ሽቦው ባዶ ነበር።

«ንቡስ?» አሉ።

የገበያ ሕዝብ፣ ያ ሁሉ ዓይን፣ አንድም ዓይን ንቡ ላይ አልነበረም። ሁሉም የቁራ እግር ሲያይ ነበር። አንዱ ወደ ዓባይ በረሃ ሄደ ይላል፣ አንዱ ወደ ደብረ ወርቅ ይላል፣ ጡረተኛው ወታደር ወደ ሰማይ ነው ይላል። የኔታ በዚያ በማያውቁት በረባሶ ወደ በረሃው በኩል ትንሽ ሮጡ። ማሰሪያው ተበጠሰ። አንድ እግራቸውን ባዶውን አድርገው ማሽላ ማሳ ዳር ቆሙና በረሃውን ለረጅም ጊዜ አዩ። ከዚያ በረባሶውን በእጃቸው ይዘው፣ እያነከሱ ተመለሱ።

እስኪመለሱ የመብራት ሠራተኛው መጥቷል። የከተማው መብራት ጠፍቶበት እንደ በርበሬ ቀልቷል። ቁራውን አየ፤ ባሕር ዛፉን አየ፤ በሽቦ የታሰረውን ቅርጫት አየና ራሱን ያዘ።

«ኧረ ምን ዓይነት ሕዝብ ነው! ይህን እንጨት ማነው ያነሣው?»

«እኔ ነኝ ልጄ» አሉ የኔታ። «ርግቢቱን ካልገደለ፣ ጎማ ያጠለቀ ሰውም አይገድልም ብዬ ነው።»

«ጎማ? ርግብ ምን ጎማ አላት አባ?» አለና እንደ መምህር እጁን ማወናጨፍ ጀመረ። «ስሙኝ። ውኃ በቦይ ሲሄድ አይታችኋል? ቦዩ ካልተሸነቆረ ወዴት ይወጣል? መንገዱን ይሄዳል። ርግቢቱ ሁለቱም እግሯ አንድ ሽቦ ላይ ነው፤ ሌላ ምንም አልነካችም። በእሷ በኩል የሚወጣበት ቦታ ስለሌለ ትቷት ያልፋል። ሌላውን ሽቦ ወይም ምሰሶውን ብትነካ ግን ሽንቁሩ ራሷ ናት፤ በእሷ በኩል ነው የሚንደረደረው። ይኼ ቁራ ሁለቱን ሽቦ ባንዴ ነካ፤ ይኸው። አንቱ ደግሞ መሬት ቆመው፣ ውኃ የጠጣ እንጨት ይዘው! ሽቦው ሚስማር የተመታበት በረባሶ ይፈራል ብለው ነው? እንኳን ሊነኩት፣ ሲጠጉትም ዘሎ ይይዝዎት ነበር!»

የኔታ ቁራውን አዩት። «ለሁለት ጌቶች መገዛት የሚቻለው የለም ይላል» አሉ። «ርግቢቱ አንዱን ይዛ ኖረች። ይኼ ሁለቱንም ፈለገ።»

«ከእኔ ይልቅ አንቱ አስረዱት» አለ ሠራተኛው፤ ቁጣው ግን አልበረደለትም። «ጎማ ነው ያለው ግን ማነው? ማነው እሱ?»

ገበያው በአንድ አንገት ወደ እኔ ዞረ። እኔም ማን ይሆን ብዬ ወደ ኋላዬ ዞርሁ። ከኋላዬ የቆመው አህያ ነበር።

«መጽሐፍ ነው ያለው» አሉ የኔታ።

«እንዲህ የሚል መጽሐፍ የለም አባ!»

«አለ» አሉ። እኔን አላዩኝም። «ገጽ አርባ ሰባት።»

ቤት ስንደርስ ቅርጫቱ ላይ የቀረውን ማር በጣታቸው ጠርገው ሰጡኝ። «ብላ። ይኼ ይታኘካል» አሉ። ሌላ ምንም አላሉም። ኧረ ሰው ይቆጣል! ሰው ይሳደባል! ሰው በከዘራ ይማታል! እናቴ ብትሆን ሞጣ ድረስ እየደበደበች ትመልሰኝ ነበር። የኔታ ግን ያ ዝምታቸው ከኤሌክትሪኩ የባሰ ነበር። በሳምንቱ ቀፎውን አወረዱት፤ የቀረውን የማር እንጀራ አቅልጠው፣ ሰሙን አጣርተው ጧፍ ጎነጎኑበት። ብዙ አልወጣውም። ከዚያ ወዲያ ዋንዛው ሥር ዳዊት ሲደግሙ ሰምቼ አላውቅም። በኋላ ንቡን በረሃው አፋፍ ያለ ገበሬ እንደያዘው ተወራ፤ «ዓይኔን ነቅያለሁ» ብለው አልጠየቁትም።

ትምህርቴን እንደምንም ጨርሼ ሞጣ ተመለስሁ፤ ሥራ ያዝሁ፤ ሚስት አገባሁ። በየዓመቱ ለጥምቀት ብቸና እወርዳለሁ። ገና ከበር ስገባ የሚጠይቁኝ አንድ ነገር ነው።

«ወፎቹ እንዴት ናቸው?»

«ደኅና ናቸው የኔታ።»

«እግራቸውስ?»

«እግራቸውም ደኅና ነው።»

የሚጠብቁት ነገር ያለ ይመስል እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ያዩኛል። ከዚያ «እንግዲህ ቁጭ በል» ይላሉ። እኔ ቀልዳቸው ነው ብዬ እስቅ ነበር። ዐሥራ ዘጠኝ ጥምቀት ሳቅሁ።

ሲሞቱ ሳጥኑ ለእኔ ይሰጥ ብለው ኖሮ ተማሪዎቻቸው ላኩልኝ። እደርስበታለሁ ያልሁህ ይኸው ነው፦ አልከፈትሁትም፤ ውስጡ ያ ሽታ እንዳለ አውቅ ነበር።

ዛሬ ግን ተከፈተ። ሚስቴ «ያን ነጠላ ፍታውና ዳዊት ከሆነ ከፍ ያለ ቦታ አስቀምጠው» አለችኝ። ፈታሁት። ዳዊት አይደለም። የፊዚክስ መጽሐፍ ነው፤ ሽፋኑ ላይ በእስክሪፕቶ የተሣለ አህያ አለበት። አህያውን የሣልሁት እኔ ነኝ። ትምህርት ቤቱ መልስ ሲለኝ ፈልጌ ባጣው አይጥ በላው ያልሁት የራሴ መጽሐፍ!

መሐሉ ላይ ቀጭን የብራና ቅዳጅ ተሰክቷል። ገለጥሁት። ገጽ አርባ ሰባት። በመዘውር ከጉድጓድ ባልዲ የሚስብ ሰውዬ ሥዕል ነው። የኔታ እንግሊዝኛ አያነቡም፤ ሥዕሉን ግን ዙሪያውን ሲፈልጉት እንደቆዩ ኅዳጉ ላይ የነጠበው ሰም ይናገራል። ከሰሙ አጠገብ በዚያ በሚያምር የቁም ጽሕፈታቸው፣ በጥቁር ቀለም፣ ጽፈዋል።

«ፈለግሁ። ወፍ አላገኘሁም። ራሱ ይነግረኛል።»

ጧፉ ጣቴን እስኪያቃጥለኝ ድረስ ይዤው ቆምሁ። የዚያ ንብ የመጨረሻ ሰም ነው፣ ሻማ ፍለጋ ብዬ የማነደው። ሚስቴ «ምን ይላል?» አለችኝ። «ስለ መዘውር ነው» አልኋት። በዚያው መብራት መጣ። ርግቦቹ ከሽቦው ንቅንቅ አላሉም።

አልነገርኋቸውም። ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት ጠበቁኝ፣ እኔ አልነገርኋቸውም። ያን መጽሐፍም ገልጬ ሳየው ይህ የመጀመሪያዬ ነው።